ቀበቶውን የፈታው እጅ

መኪናዋ ከውድድሩ መንገድ ወጥታ ወደ ጋራዦቹ ስትታጠፍ ማንም አልጠበቃትም ነበር። ነዳጅ አላነሳትም፤ ጎማዎቿ ገና አላለቁም፤ ነጂዋም ተራውን አልጨረሰም። ቀስ ብላ መጣች፣ በጋራዡ ፊት በነጭ ቀለም የተሰመረው መስመር ላይ አፍንጫዋን ልክ አሳርፋ ቆመች፣ ሞተሯ ጠፋ። በሯ ግን ከውስጥ አልተከፈተም።

ውስጧ የተቀመጠው ሰው በሙያው ሰፈር «አይደክሜ» ይባላል። የጽናት ውድድር መኪናዋ ከንጋት እስከ ምሽት ሳታርፍ የምትሮጥበት፣ ነጂዎቿ ብቻ እየተፈራረቁ የሚያርፉበት ሥራ ነው። አይደክሜ ሃያ ዓመት ኖሮበታል። የጀመረው ለአንድ ዳቦ ቤት ዳቦ በማመላለስ ነው፤ በጠዋት የነቃ ሰው ሁሉ ሲያልፍ ያየዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈጣን አልነበረም። ከሱ የሚፈጥኑ ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ከእኩለ ቀን በኋላ ክንዳቸው ይዝላል፣ ሐሳባቸው ይበተናል፣ ሄደው ግድግዳ ያቅፋሉ። እሱ የመጀመሪያውን ዙር እንደነዳ የመጨረሻውንም ይነዳል። ዋንጫዎቹን ያመጣለት ይኸው ነው። የሚቀናበትን ሰው ያበዛበትም ይኸው ነው።

በበሩ ዙሪያ ሰው ተጋፋ። ታናሽ ወንድሙ በብብቱ ይዞ አወጣው፤ የውድድሩ ሐኪም አስፋልቱ ላይ አስተኝቶ ደረቱን ይጫን ጀመር። የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነበር። ሐኪሙ እጁን ሰብስቦ ራሱን ሲነቀንቅ የአይደክሜ ሚስት የሬዲዮ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወልቅ እዚያው ተቀመጠች። ሌሎቹ መኪናዎች እያጓሩ ማለፋቸውን አላቋረጡም።

ለዚህ ሞት የተጠራችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም ወጥቶላታል። መንጃ ፈቃድ የላትም። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ የፊት ወንበር ካላገኘች ፊቷ አመድ ይመስላል። አለቃዋ ወደ መኪና ውድድር የላከው እሷን ነው፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እሱ ያውቃል።

ጋራዡ ስትደርስ ግን አልተቀለደባትም። መኪናዋ ወደ ውስጥ ከተገፋች በኋላ ማንም እንዳልገባባት አረጋገጠች፣ በሩን አስዘጋች፣ ማንም መኪናዋን እንዳይነካ አዘዘች፣ ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አስገብታ የነዳጁን ሽታ እየተሳደበች ውስጡን ስታይ ቆየች። ሦስት ነገር አየች። በመቀመጫው ጎን ባለው ጎድጓዳ ቦታ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት የመጠጥ ኮዳ አለ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሁለቱ የትከሻ ቀበቶዎች በመቀመጫው ራስጌ ላይ ተሻግረው፣ ጫፋቸው ከኋላው ተወሽቋል። በግራና በቀኝ ደግሞ መንጠቆ ያላቸው ሁለት ላስቲኮች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል። ላስቲኮቹ ለምን እንደሆኑ አልገባትም፤ ያልገባትን ነገር መርሳት ግን አይሆንላትም።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ አለቃዋ እጆቹን እያሸ ጠራት።

«ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። ብዙ ነው የጠጣው። የኪኒኑ እሽግ ከማን ቦርሳ ተገኘ መሰለሽ?»

«ከታናሽ ወንድሙ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሟቹ ዋና ነጂነቱን ለወንድሙ ሳይሆን ለሌላ ሰው እንደሚያወርስ በይፋ ተናግሯል። ልጁ ቀና፣ ገደለ። ነገ ጠዋት አስረዋለሁ።»

«ኮዳው ውስጥ መድኃኒት ተገኘ?»

«አልተገኘም። ንጹሕ የሎሚ መጠጥ ነው።»

«ሙሉም ነው። በዚያ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ያን ያህል ነድቶ አንድ ጉንጭ ያልጠጣ ሰው ግመል መሆን አለበት። እስከ ነገ ጠዋት ነው ያልከኝ?»

«እስከ ነገ ጠዋት።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዋናውን መካኒክ ነው። ሰው ሁሉ «ዋናው» ይለዋል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ የሚመስል ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ እያንዳንዱ መፍቻ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ያን ሁሉ ያደራጀው እሱ ነው።

«መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስታዘግም አይቼ ሮጥኩ። በሩን ከፈትኩ።»

«ቀበቶውንስ?»

«ቀበቶውን ወንድሙ ነው የፈታው። እኔ አልነካሁም።»

«እስቲ ነጂ ሲወርድ ቀበቶውን እንዴት እንደሚያደርገው ያሳዩኝ። ለኔ ቢጤ ሞኝ።»

«የነጂ ነገር ነጂ ይጠየቅ» አለ ፊቱን ወደ መፍቻዎቹ መልሶ። «እኔ የሞተር ሰው ነኝ።»

ታናሽ ወንድሙ ቀጥሎ ገባ። ከወንድሙ አጠር ይላል፤ ሲቀመጥ የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ነው የያዘው።

«ኪኒኑ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ልቤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይጋልባል። ከታወቀ የውድድር ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ደበቅሁት።»

«ማን ያውቃል?»

«ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ዋናው ነው። ሦስተኛው ነጂያችን ጥይቱም አንድ ቀን ስውጥ አይቶኛል። ጋሼ አያውቅም ነበር።»

«ከጋሼህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ሊዋሽ እንደነበር ፊቱ ላይ ታየ፤ ከዚያ ተወው።

«ከኋላው ተወለድኩ፣ ከኋላው ኖርኩ። ሰው ሲያስተዋውቀኝ እንኳ ስሜን አይጠራም፤ የአይደክሜ ወንድም ነው የሚለኝ። በውድድሩ ዋዜማ ቁርስ ላይ ‹ይኼ የመጨረሻዬ ነው፤ ከኔ በኋላ ዋናው ነጂ ጥይቱ ነው› ሲል አንጀቴ አረረ። አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ሳየው መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርዎት? መሪው ለኔ ቀረ ብዬ ነው ያሰብኩት። ወንድሜ እየሞተ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ግን አልገደልኩትም።»

«ቀበቶውን የፈታኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ስደርስ ተፈቶ ነበር። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት፤ ሌላ አላውቅም።»

አንዱ ይዋሻል ማለት ነው። መርማሪዋ ልጁን ወደ መኪናዋ ወስዳ ለዋናው ያቀረበችውን ጥያቄ ደገመችለት። እሱ አላንገራገረም። የራሱን ተራ ጨርሶ የሚወርድ ነጂ ቆሞ የሚመጣውን ያስገባል፤ ቀበቶውን ያስርለታል፣ ያጠብቅለታል፣ የኮዳውን ቱቦ ከሄልሜቱ ጋር ያገጣጥምለታል።

«ቢጣሉስ?» አለች።

«ቢጣሉም። ለወር ባይነጋገሩም። እንዲያውም ከተጣላኸው ሰው ላይ ነው አብልጠህ የምታጠብቀው፤ ላልቶ ከተገኘ አንተ ነህ የምትጠየቀው።»

ከዚያ ቀበቶዎቹን ከተወሸቁበት አወጣቸው። ለአፍታ ግር ብሎት ተመለከታቸው፤ ቀጥሎ አንዱን በግራው ላስቲክ፣ ሌላውን በቀኙ አንጠለጠላቸው። «እንዲህ ነው። ገቢው እንዳይቀመጥባቸው። እንዲሁ ከተለቀቁ ኮዳው ላይ ወድቀው ይከመራሉ።»

«ሁልጊዜ በላስቲክ ነው?»

«እኔ ከገባሁ ወዲህ ሌላ አላየሁም።»

ጥይቱ የሚባለው ሦስተኛው ነጂ ወሬውም እንደ ስሙ ነው። ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«እማማ፣ እኔን ጠርጥረው ከሆነ ይንገሩኝና ጠበቃ ልጥራ።»

«ቀስ በል፣ ልጄ። እኔ ፍጥነት ያሳምመኛል። ትቀናበት ነበር?»

«እንዴት አልቀናም? በየዙሩ እበልጠዋለሁ። ሕዝቡ ግን ስሙን ነው የሚጮኸው። ሆኖም ቦታውን ሰጥቶኛል። የሚሰጠኝን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

«በዚያ ቁርስ ላይ ሌላስ ምን አለ?»

«‹ከመሪው ስወርድ ጋራዡን እኔ እይዛለሁ፤ ያለ መኪና መኖር አልችልም› አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ዋናው እንዲያውም ከሁላችን በላይ አጨበጨበ።»

«መኪናዋ ስትመጣ ምን አየህ?»

«ዋናውን። ገና መታጠፊያው ላይ እያለች የመካኒክ ጓንቱን እያወለቀ ሮጠ። ምን ነካው ብዬ ነበር።»

ቀበቶውንም ዓይኑን ጨፍኖ አሳያት። ግራና ቀኝ፣ በላስቲኩ።

መበለቲቱ ከጋራዡ በላይ ባለው ቢሮ ተቀምጣ ነበር። ቡድኑን ከአባቷ የወረሰች ባለቤት ናት፤ በውድድር ቀን የነጂውን ድምፅ በሬዲዮ የምትሰማም እሷ ብቻ ናት። የሚባለው አይቀዳም።

«የመጨረሻ ቃሉ ስሜ ነበር» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ስሜን ጠራ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሃያ ዓመት ከዚች ቆርቆሮ ጋር ተካፍዬዋለሁ። እራት ላይ ስለሷ፣ አልጋ ላይ ስለሷ። በመጨረሻዋ ሰዓት ግን የጠራው እኔን ነው።»

«ስለ ወንድሙ ምን ያስባሉ?»

«ዋርሳዬ ነው፤ በቤቴ በልቶ ጠጥቶ ያደገ። ኪኒኑ ከቦርሳው ወጥቷል። ከዚህ ሌላ ምን ልበል? ይታሰር።»

«ባለቤትዎ መንዳት የጀመሩት በአባትዎ ጊዜ ነው?»

«አባቴ ሁለት ወጣቶች ነበሩት፤ እየተፈራረቁ ይነዱለት ነበር። በኋላ ግን ለሁለት የሚሆን አቅም አጣና አንዱን መረጠ።» መስኮቱን ተመለከተች። «የመረጠው ባሌን ነው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ያን ቀን ሌላ ሰው አላነጋገረችም። አንድ ጥግ ወንበር ስባ፣ የታሸገ ውሃ ይዛ፣ መኪናዋን ስታይ ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በመኪናዋ ዙሪያ ቆሙ። አለቃዋ ካቴና ይዞ መጥቷል፤ ከታናሽየው አጠገብ መቆሙ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጁ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ጫማውን ያያል።

«ከኮዳው እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ መድኃኒቱን የጠጣው እየነዳ ነው፤ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ መሪ ጨብጦ ያን ያህል ባልቆየ። እየነዳ የሚጠጣው ደግሞ ከኮዳው ብቻ ነው። እኛ ያገኘነው ኮዳ ግን ንጹሕና ሙሉ ነው። ስለዚህ የጠጣበት ኮዳ ይኼ አይደለም። ሁላችሁም አስፋልቱ ላይ የተኛውን ሰው ስታዩ አንድ ሰው የተመረዘውን አውጥቶ እንደሱው ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበትን ይኼን አስገብቷል።»

«እዚህ ድረስ ልጁም ሊያደርገው ይችላል» አለ አለቃዋ።

«ይችላል። ኮዳው ያለው ግን የተፈቱ ቀበቶዎች በሚወድቁበት ቦታ ነው። ለመቀየር ቀበቶዎቹን ገለል ማድረግ ግድ ነው። ገዳዩም ገለል አደረጋቸው። ጋራዡ ከዚያ በኋላ ስለተዘጋ ያየኋቸው እሱ እንደተዋቸው ነው፤ በራስጌው ላይ ተሻግረው፣ ከኋላ ተወሽቀው። ታናሽየውና ጥይቱ እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ሁለቱም ላስቲኩ ላይ አንጠለጠሉ። እጅ በጥድፊያ ጊዜ የለመደውን ነው የሚሠራው፤ የነሱ እጅ ሌላ አያውቅም።» ወደ መበለቲቱ ዞረች። «እመቤቴ፣ ላስቲኩ ሳይመጣ ነጂዎቹ ቀበቶውን ምን ያደርጉት ነበር?»

«ያሻግሩትና ከራስጌው ኋላ ይወሽቁታል። አባቴ ነው ያስተማራቸው።»

«ማንን?»

«ባሌንና...» አለች። አልጨረሰችውም። ዓይኗ ዋናው መካኒክ ላይ አረፈ፤ የሌሎቹም ተከተለ።

«ነጂ ነበሩ?» አለ ጥይቱ።

ዋናው ትከሻውን ነቀነቀ። «ከስንት ዘመን በፊት። ድሮ የነዳ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ? እኔ ቀበቶ አልነካሁም ብያለሁ። የፈታው ወንድሙ ነው።»

«እኔ አልፈታሁም» አለ ታናሽየው፣ ጮክ ሳይል።

«አንተ አልክ፣ እሱ አለ» አለ አለቃዋ። «ኪኒኑ ደግሞ ካንተ ቦርሳ ነው።» ካቴናውን ከፈተ።

መርማሪዋ እንዳልሰማች ሆና ወደ መበለቲቱ ጠጋ አለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«የመጨረሻ ቃሉ ስምዎ አልነበረም።»

ሴትየዋ ደነገጠች።

«ዋናው መካኒክ መኪናዋ ሳትቆም ጓንቱን እያወለቀ ሮጧል። ጎማ የሚቀይር፣ ሞተር የሚከፍት ሰው ጓንት ያጠልቃል እንጂ አያወልቅም። በዚያ በወፍራም ጓንት የማይያዝ አንድ ነገር ቢኖር የቀበቶው ቁልፍ ነው። ቀበቶ ሊፈታ እንደሚሮጥ ማን ነገረው? የሟቹን ድምፅ የሰማው ጆሮ አንድ ብቻ ነው። ዋርሳዎ ሊታሰር ነው፤ ምን እንደሰሙ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መበለቲቱ ልጁን አየችው። ካቴናው አንድ እጁ ላይ ገብቷል።

«‹ዋናውን ጥሪልኝ፤ እሱ ይፍታኝ› ነው ያለው» አለች። «ጠራሁት። ከዚያ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ሲሞት የጠራው መካኒኩን ነው። ለማን ብዬ ልንገር? አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ቀናሁ።» ወደ ልጁ ዞረች። «ዋርሳዬ፣ በቅናቴ ልበላህ ነበር።»

ልጁ ባልታሰረው እጁ ትከሻዋን ያዘ።

ዋናው አንድ መፍቻ ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ቦታው ሰቀለ፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተናገረ።

«አባትሽ ጣቱን ወደ እሱ ሲቀስር ‹እሺ› አልኩ። መፍቻ ያዝኩ። ሲያሸንፍ እኔ ጎማ እያጠብኩ ጭብጨባውን እሰማለሁ። ነጂ እንደነበርኩ ሰው ሁሉ ረሳ፤ ልጆቹም አያውቁም። ይሁን አልኩ። ይኼን ጋራዥ ግን ከባዶ በእጄ ነው የሠራሁት። ከዚያ አንድ ቀን ቁርስ ላይ እየሳቀ ‹ጋራዡን እኔ እይዛለሁ› ይላል። አንተስ የት ትሄዳለህ ብሎ አልጠየቀኝም። ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ ጭራሽ አላየኝም። እኔም አጨበጨብኩለት።»

«ኪኒኑን ከልጁ ቦርሳ ወሰዱ» አለች መርማሪዋ።

«ልቡ ደከመ ይሉታል ብዬ ነበር። በልጁ ላይ እንዲወድቅ አላሰብኩም። ሲወድቅ ግን ዝም አልኩ።» ልጁን ማየት አልቻለም። «ቀበቶውን ስፈታለት ዓይኑን ገለጠ። ‹እጅህ አልረሳም› አለኝ። ወጣት ሆነን እኔ ስፈታው፣ እሱ ሲያስረኝ የነበረውን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ እጄ ምን እንደሠራ እኔ አላውቅም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

አለቃዋ ካቴናውን ከልጁ እጅ ፈታ። ታናሽየው አንጓውን እያሻሸ ቆመ፤ ሲፈቱት ደስ ያለው አይመስልም፤ ሃያ ዓመት ከኋላ መቆም ምን እንደሚያደርግ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶታል። ዋናውን ወደ በሩ ሲወስዱት መበለቲቱ መንገዱን ዘጋችበት። ትሰድበዋለች፣ ትመታዋለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ሌላስ?» አለችው። «ስትፈታው ሌላ ምን አለ?»

ዋናው ወደ እሷ ዞረ።

«ብሏል» አለ። «እሱን ግን አልነግርሽም።»

ይዘውት ወጡ። ታናሽየው ክንዷን ይዞ ወደ ወንበር ሊወስዳት ሞከረ፤ እሷ ግን የጋራዡ በር ከተዘጋ በኋላም ወደዚያው እያየች «ምን አለ?» ማለቷን አላቆመችም።